አንድ ምላጭ ይበቃል

ፂሙን ተላጭቶ በማግስቱ አንገቱን የማያሳክከው ሰው ይህን ጽሑፍ ዘሎ ቢያልፈው አልቀየመውም። የምጽፈው ለሌላው ነው፤ ሸሚዙን ሲቆልፍ ኮሌታው ለሚያቃጥለው፣ አገጩ ሥር ያበጠችውን ነገር በጥፍሩ ሲጎረጉር ለሚውለው፣ «የኔ ቆዳ ምላጭ አይወድም» ብሎ ተስፋ ለቆረጠው።

እንዲህ ያለ ሰው መላጫ ሊገዛ ሲወጣ ምርጫው በአብዛኛው ሁለት ነው። አንደኛው ባለሱቁ ከማስቲካና ከባትሪ ድንጋይ ጎን የሚሰቅለው፣ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ መላጫ ነው። ሁለተኛው ምላጭ እየተቀያየረ የሚገባበት የብረት መላጫ ነው። ይህኛው በየሰፈሩ ሱቅ አይገኝም፤ ወይ መርካቶ ወርዶ ማፈላለግ፣ ወይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ማስቸገር፣ ወይ የአባትን ሣጥን መበርበር ይጠይቃል። ፍርዴን አላዘገየውም፦ ቆዳችሁ ቁጡ ከሆነና ቶሎ ቶሎ የምትላጩ ከሆነ የብረቱን ያዙ። ይህን የምለው ብረት ከፕላስቲክ ስለሚከበር አይደለም። ቁም ነገሩ መላጫው ስንት ስለት አለው የሚለው ነው።

የብዙዎቻችን ፂም የተጠቀለለ ነው። ከቀዳዳው ሲወጣም ቀጥ ብሎ ሳይሆን ጎብጦ ነው የሚወጣው። ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ስለት መላጫ ሲያልፍበት የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ይዞ ሳብ ያደርገዋል፤ ፀጉሩ ወደ ቦታው ሳይመለስ የኋለኛው ይደርስና ይቆርጠዋል። የተረፈው ጉቶ ያን ጊዜ ከቆዳው ወለል በታች ይሰምጣል። ፊት በእጅ ሲዳሰስ ልስልስ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማስታወቂያው የሚኩራራበት ልስላሴም ይኸው ነው። ፀጉሩ ቀጥ ያለ ሰው ምንም አይሆንም፤ ጉቶው በነበረበት ቀዳዳ ተመልሶ ይወጣል። የተጠቀለለው ግን ጫፉ ሾሎ ስለተቆረጠ ቀዳዳውን ትቶ ግድግዳውን ይበሳል። ወይም ጥቂት ወጣ ይልና ተጠምዞ መልሶ ቆዳውን ይወጋል። ሰውነት የገዛ ፀጉሩን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይነሣበታል፦ ያብጣል፣ ይመግላል፣ ሲድን ጥቁር ምልክት ይተዋል። ጠባሳው የሚያብጥበት ዓይነት ቆዳ ያለው ሰው ደግሞ ኬሎይድ ያተርፋል።

ሐኪሞች ሱዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ ይሉታል። የጉርምስና ብጉር አይደለም፤ ከቆሻሻም አይመጣም። ስለዚህ ፊትን በሳሙና ደጋግሞ መፈተግ ያባብሰው እንደሆነ እንጂ አያድነውም። በአሜሪካ ከሚላጩ ጥቁር ወንዶች ግማሽ ያህሉን፣ እንደ አንዳንድ ጥናት ከዚያም በላይ፣ እንደሚያጠቃ ይገመታል። ታዲያ «የእኔ ብቻ ችግር ነው» ብሎ በመስተዋት ፊት ማፈር ለምን ያስፈልጋል?

ዓለም ከአንድ ስለት ተነሥቶ አምስት ደርሶ ወደ ኋላ መመለሱ ደግሞ ያስቀኛል። ኪንግ ካምፕ ጂሌት እ.አ.አ. በ1901 ቦስተን ላይ ኩባንያውን ሲያቋቁም ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ከመሳል ይልቅ ሲደንዝ የሚቀየር ስስ ምላጭ። ያን ስስ ብረት የማጠንከሩን ዘዴ ያገኘለት ዊሊያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ነው። በ1903 ገበያ ሲወጡ በዚያው ዓመት የሸጡት 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። ከዚያ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን ያህል መላጫ አደለ፤ ወታደሩም ቤቱ ሲመለስ በየጠዋቱ ራሱን የመላጨት ልማዱን ይዞ ገባ።

እ.አ.አ. በ1971 የጂሌት ኩባንያ ሁለት ስለት አጣምሮ አወጣ። በ1975 ሳተርደይ ናይት ላይቭ የተባለው የአሜሪካ የቀልድ ትርኢት በመጀመሪያ ዝግጅቱ «ባለ ሦስት ስለት መላጫ» የሚል የፌዝ ማስታወቂያ ሠርቶ ሕዝቡን አሳቀ። በ1998 ጂሌት ባለ ሦስቱን የምሩን ይዞ መጣ፤ በ2006 ደግሞ አምስት አደረሰው። አንድም ሰው አልሳቀም፤ ገዛ እንጂ። እ.አ.አ. በ2013 ትሪስታን ዎከር የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የተጠቀለለ ፂም ላላቸው ወንዶች ብሎ ቤቭል የሚባል ባለ አንድ ስለት የብረት መላጫ ሠራ። መቼም አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ የአያቶች መላጫ በአዲስ ካርቶን ነው። እ.አ.አ. በ2018 ድርጅቱን የገዛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል፤ ያው የጂሌት ባለቤት። አምስት ስለት የሚሸጥልን ነጋዴ ባለ አንዱንም ገንዘቡን አውጥቶ ሲገዛ ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

ለፕላስቲኩም ጠበቃ ልቁምለት። ቢክ፣ አዎ የእስክሪብቶው ቢክ፣ እ.አ.አ. በ1975 ያወጣው የሚጣል መላጫ ባለ አንድ ስለት ነበር። ባለ አንዱ ዛሬም ይመረታል። በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ማታ ወይም ለሠርግ ጥሪ ብቻ ለሚላጭ ሰው ይህ በቂው ነው፤ የብረት መላጫ ፍለጋ መንከራተት የለበትም። ባለ ሁለቱና ባለ ሦስቱ «ይበልጣል» ተብሎ ብር ሲጨመርበት ግን እጃችሁን ሰብስቡ።

የፕላስቲኩ ጣጣ ያለው ስሙን በማናከብርለት በኩል ነው። ተጠቅመው የሚጥሉት ይባላል፤ እኛ ግን አንጥለውም። መታጠቢያው ጠርዝ ላይ እርጥብ እንደሆነ ይከርማል፤ በስለቶቹ መካከል ፀጉርና የደረቀ ሳሙና ይጠቀጠቃል፤ ወር ሲሞላውም «ገና ይሠራል» ይባልለታል። የኤምአይቲ ተመራማሪዎች እ.አ.አ. በ2020 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ለዚህ መልስ አለው። ፀጉር ከምላጭ ብረት 50 ጊዜ ያህል የለሰለሰ ነው፤ ሆኖም ስለቱን በአጉሊ መነጽር ሲመረምሩት ጠርዙ ተሸራርፎ ያገኙታል። ፀጉሩ ዘንበል ብሎ የብረቱን ደካማ ቦታ ሲመታው ቅንጣት እየፈነቀለ ያወጣል። እንዲህ የተሸራረፈ ስለት ፀጉር አይቆርጥም፣ ይነጫል። ሲነጭ እጅ ይጫናል። እጅ ሲጫን ከፀጉሩ ጋር ቆዳው አብሮ ይፋቃል። በማግስቱ የሚያቃጥለው ይኸኛው ነው፤ ርካሹን መላጫ ውድ የሚያደርገውም እርሱ ነው።

የብረቱ ብልጫ እዚህ ላይ ይታያል። እጀታው አንዴ ከተገዛ ከባለቤቱ ሊተርፍ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የምትገዙት ውፍረቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ምላጭ ብቻ ነው። አንዱ ምላጭ ከአንድ ፕላስቲክ መላጫ በብዙ ስለሚረክስ ቶሎ መጣሉ አያሳሳም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው እንዴት እንደዘለለ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግምና ይህ የዋጋ ልዩነት ቀላል አይደለም። አራት አምስት ጊዜ የተላጫችሁበትን ምላጭ ቀይሩት፤ ፂማችሁ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ቀድማችሁ።

አንድ ነገር ግን እፈራለሁ። በየቤታችን ምላጭ ሥራው ብዙ ነው፦ ጥፍር ይቆርጣል፣ የልጆች እርሳስ ይቀርጻል፣ ስፌት ይፈታል፣ ቅንድብ ያስተካክላል። የብረት መላጫ ቤት ከገባ የፊት ምላጭ የፊት ብቻ ይሁን፤ የባለቤቱም ብቻ ይሁን። በኤች አይ ቪ ዘመን በተሰጠው ትምህርት ስለታም ነገር መጋራት ክልክል መሆኑን ሁሉም አውቆ፣ የራሱን ምላጭ ይዞ ፀጉር ቤት የሚሄደው ብዙ ነበር። ያ ጥንቃቄ ፀጉር ቤት ደጃፍ ላይ ቀረ፤ በዶርምና በጋራ ክፍል ውስጥ «እስቲ መላጫህን» ዛሬም ነውር አይደለም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለሰባት ቀን ይቆያል። የሚጋራው መላጫ ፕላስቲክ ሆነ ብረት ልዩነት የለውም።

አያያዙን ካላወቁበት ብረቱም ያደማል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ መቆረጥ አይቀርም። ትልቁ ነገር አለመጫን ነው። ብረቱ የራሱ ክብደት አለው፤ ሥራው የክብደቱ ነው፣ እጃችሁ አቅጣጫ ብቻ ይስጠው። ስለቱ ከቆዳው ጋር ያለው ማዕዘን 30 ዲግሪ ገደማ ይሁን። ከሁሉ በፊት ግን ውኃ፦ ፂም ለብ ባለ ውኃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲርስ ይለሰልሳል፤ በደረቁ መላጨት ወይም ሳሙና ቀባ አድርጎ ወዲያው መጀመር የራስን ቆዳ መጥላት ነው። መታጠቢያ ቤት የሚገባ ሰው ገላውን ታጥቦ ሲጨርስ ይላጭ። አቅጣጫውን ደግሞ በጣታችሁ ፈልጉት። ጉንጭ ላይ ወደ ታች የሚበቅለው ፀጉር አንገት ላይ ወደ ጎን፣ አንዳንዴም ወደ ላይ ይበቅላል፤ አብዛኛው እብጠት አንገት ላይ የሚወጣው ይህን ሳያዩ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ስለሚፍቁት ነው። በበቀለበት አቅጣጫ አንዴ እለፉበት። ካልበቃችሁ ወደ ጎን አንዴ ድገሙ። ከበቀለበት አቅጣጫ በተቃራኒ አትሂዱ፤ ቆዳውንም በሌላው እጅ ወጥራችሁ አትያዙ፤ ወጥሮ መላጨት ጉቶውን ከቆዳ በታች ማስቀረት ነውና የሸሸነውን ራሱን መልሶ ያመጣል።

ኀዘን ላይ ከርሞ ፂሙን ያሳደገ ሰው አርባው ሲወጣ በቀጥታ ምላጭ አያንሣ። አስቀድሞ በቶንዶስ ያሳጥረው፤ በማግስቱ ቢላጭ ይመረጣል።

ፀጉር አስተካካዮቻችን ተላጭተን ስንጨርስ አልኮል ያፈሱብናል፤ እኛም ጥርሳችንን ነክሰን «አሁን ጀርሙ ሞተ» እንላለን። ማቃጠሉ የመዳን ምልክት አይደለም። የተፋቀ ቆዳ ላይ የፈሰሰ አልኮል ቆዳውን አድርቆ ይብሱን ያስቆጣዋል። አልኮሉ ለቶንዶሱና ለመላጫው ይሁን፤ ለፊት ቀዝቃዛ ውኃና ሽታ የሌለው ቅባት ይበቃዋል። ይህን ፀጉር ቤት ውስጥ ብትናገሩ እንደ ጉራ ይቆጠርባችኋል፤ ቢሆንም ተናገሩ።

ያገለገለውን ምላጭ በፌስታል ጠቅልሎ ቆሻሻ ውስጥ መወርወርም ግፍ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቆሻሻችንን ከየደጃፋችን በማዳበሪያ የሚሰበስቡት ወጣቶች በእጃቸው ነው የሚነኩት። ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ክዳኑን በስታችሁ ምላጩን በቀዳዳው ጣሉበት፤ ቆርቆሮው እስኪሞላ ዓመታት ይፈጃል።

እስካሁን ያልኩት እብጠቱ ገና ለሆነለት ነው። ፊቱና አንገቱ ላይ የሞላበት ሰው ግን ፕላስቲክ ልግዛ ብረት ልግዛ ማለቱን ይተው፤ ሦስት አራት ሳምንት ምላጭ አያስነካ፣ ከዚያም ፂሙን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርቶ በቶንዶስ ይከርከም። ፀጉሩ ከቆዳ በታች ካልተቆረጠ ቆዳውን የመውጋት ዕድሉ ይቀንሳል። ከመገለ ወይም ጠባሳው እያበጠ ከሄደ የቆዳ ሐኪም ይየው። አዲስ አበባ ላለ ሰው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

ይህን ምክር ይዞ ቢሮ የሚገባውን ሰው በር ላይ የሚመልሰው ግን መላጫው ሳይሆን አለቃው ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል እንኳ፣ ያ በደንብ ልብስና በተላጨ አገጭ የማይደራደር ተቋም፣ እ.አ.አ. በ2020 ይህ የቆዳ ችግር ላለባቸው ወታደሮች እስከ አምስት ዓመት የሚጸና የሐኪም ፈቃድ እንዲሰጥ ፈቅዶ ነበር። የባንክ፣ የሆቴልና የጥበቃ ድርጅት ኃላፊዎች፣ ሠራተኛችሁ ፂሙን በቶንዶስ አሳጥሮና ጠርዙን አስተካክሎ ከመጣ ንጹሕ ሆኖ መጥቷልና በየጠዋቱ ተላጭተህ ና አትበሉት።