ቀዶ ሐኪሙ ፊት ከመቀመጥዎ በፊት

አክስቴ የምትኖረው ሰሜን ወሎ፣ ኮን ነው። ስኳሩም ግፊቱም አላስቀምጥ ሲላት፣ ውፍረት ለመቀነስ ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ ሐኪም ልታማክር አዲስ አበባ መጣች። ሐኪሙ «በቀን ምን ይመገባሉ?» ሲላት «ምን እበላለሁ፣ ጾመኛ ነኝ» አለችው። አልዋሸችም። ግን ከአቦል እስከ በረካ የምትጨምረውን ስኳር፣ ቆሎውን፣ የጎረቤቱን ጉርሻ ከምግብ አልቆጠረችውም።

እርስዎም እንዲህ ያለ ቀጠሮ ከያዙ፣ ዝግጅቱን ከቤትዎ ይጀምሩ።

አንድ ሳምንት ሙሉ የበሉትንና የጠጡትን ይጻፉ፤ የጾሙንና የፍስኩን ቀን ለየብቻ። ጉርሻውም፣ ለስላሳውም፣ ልጆች ያስተረፉትም ይግባ። ወረቀቱ ለወቀሳ ሳይሆን ለሕክምናው ምርጫ ነው።

ክብደትዎን በኪሎ ይያዙና፣ በሜትር የተለካው ቁመትዎ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ያካፍሉት። ቁመቱ 1.60፣ ክብደቱ 95 ኪሎ የሆነ ሰው 37 ገደማ ያገኛል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ቀዶ ሕክምናውን ከ35 ጀምሮ ይመክራል፤ እንደ ዓይነት ሁለት ስኳር ያለ ሕመም ካለ ደግሞ ከ30 ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጨምሮ፣ ይዘው ይሂዱ። ቃር ካለብዎ አይደብቁ፤ አብዛኛውን የጨጓራ ክፍል ቆርጦ የሚያወጣው ቀዶ ሕክምና ቃርን ሊያባብስ ይችላል። ማታ ክፉኛ የሚያንኮራፉ ከሆነም ይናገሩ፤ ለማደንዘዣው ወሳኝ ነው። ልጅ የሚያስቡ እናቶችም ይንገሩት፤ ከቀዶው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር መቆየት ይመከራል።

ከዚያ ተራው የእርስዎ ነው፤ ይጠይቁ። ይህን ቀዶ ሕክምና ምን ያህል ሰው ላይ ሠርተዋል? ምን ችግር ገጠማችሁ? ዋጋው ክትትሉን ይጨምራል? ቪታሚኑ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ስለሆነ በወር ስንት ያስወጣል? ጾመኛ ከሆኑም፣ ትንሿ ጨጓራ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያለ እንቁላልና ወተት እንዴት እንደምታገኝ ይጠይቁ። የንስሐ አባትዎንም አስቀድመው ያማክሩ።

አክስቴን መልስ ያሳጣት ግን የሐኪሙ ጥያቄ ነበር፤ «ኮን ሲመለሱ ማን ይከታተልዎታል? ደምዎ የት ይመረመራል?»

ለሁለተኛው ቀጠሮ የልጅ ልጇ የጻፈላትን ደብተር ይዛ መጣች። ስኳሩም ቆሎውም ሰፍሯል። መጨረሻው ገጽ ላይ ራሷ ያስጻፈችው አለ፤ «በ77 ረሃብን አይቻለሁ። ሳህን ላይ ማስተረፍ አልችልበትም።» ሐኪሙ ከሁሉም በላይ እዚያ ላይ ቆየ። ቀዶው ጨጓራን እንጂ ይህን እንደማያሳንስ ነግሯት፣ አስቀድማ ከሥነ ልቦናና ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር እንድትነጋገር ላካት።

እስካሁን አልወሰነችም። አሁን ግን የምትወስነው ምን እንደሆነ ታውቃለች።