ለተማሪዎች ትጋት የምትበቃ ጥቂት ገንዘብ

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየወረዱ ወገናቸውን ሲያገለግሉ፣ አብዛኞቹም በመምህርነት ተሰማርተው የደከሙት ድካም፣ ወጣት ኃላፊነት ቢሰጠው ምን ያህል እንደሚበረታ ያስረዳል። ዛሬም በየክረምቱ የአረጋውያንን ቤት የሚጠግኑና ሕፃናትን የሚያስጠኑ ተማሪዎች አላጣንም፤ ያጣነው ይህን ምግባረ ሠናይ እስከ ፍጻሜው የሚያደርስ መጠነኛ ድጋፍ ነው። አንድ ምንጭ ለማጎልበት ድንጋዩንና አሸዋውን መንደርተኛው በሸክም ያመጣል፣ ጉድጓዱን ተማሪዎቹ ይቆፍራሉ፤ የሲሚንቶና የቧንቧ መግዣ ሲታጣ ግን የተቆፈረው ተመልሶ በደለል ይሞላል፤ እናቶችም እንደ ቀድሞው ከከብት ጋር እየተጋፉ ይቀዳሉ። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎችና የከተማ አስተዳደሮች፣ ለበዓል ድግስና ለካኔቴራ ከሚያወጡት ላይ ቀንሰው፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ላቀዱት ሥራ አነስተኛ ገንዘብ በእጃቸው ቢሰጡ እጅግ እወዳለሁ። ይባክናል ብሎ የሚሰጋ ቢኖር ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ መድኃኒቱ ግን መከልከል ሳይሆን፣ ወጪውን ከነደረሰኙ በመዝገብ አስፍረው፣ በዕድር እንደተለመደው፣ በአገር ሽማግሌዎች ፊት እንዲያነቡ ማድረግ ነው። ማመልከቻውም ከአንድ ገጽ ባይበልጥ፣ ገንዘቡም ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ አስቀድሞ ቢደርስ ይገባል።