ካርዱን ከመቅደዳችን በፊት



ከዒድ ወዲህ በውስጥ መስመርም በመስጂድ ደጃፍም አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ነው። «ልጄ ጭራቅ የተሳለበት ካርድ ይዞ ይጫወታል፣ ሐራም ነው ወይ?» ከጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ካርዱን አይተውታል፤ ጨዋታውን ግን አላዩትም። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም። መስጂድ ውስጥ ኢማሙን የማግዝና ልጆች የማቀራ ሰው ነኝ። ቢሆንም ነገሩ ልጆቻችንን የሚነካ ስለሆነ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

እኛ ጋ አሶሳ ካርዱ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ከሳዑዲ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ከሻንጣው አውጥቶ ሲሰጥ ነው። ሌላው ደግሞ ልጆቹ በዐረብኛ የተተረጎመውን ካርቱን በዲሽ አይተው ስሙን ይይዙና ከአዲስ አበባ ያስልካሉ። በእጃቸው ያየሁት ዩጊዮ እና ፖኬሞን የሚባሉትን ነው፤ ሁለቱም ከጃፓን የመጡ ናቸው።

አንድ የማከብረው አባት የ11 ዓመት ልጁን ካርዶች በጓደኞቹ ፊት «ይሄ ሲሕር ነው» ብሎ ቀዳደዳቸው። ልጁ ጁዝእ ተባረክን እየሐፈዘ የነበረ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መድረሳ አልመጣም። አባትየው ለዲኑ መስጋቱ አይወቀስም፤ እንዲያውም የማይሰጋው አባት ነው የሚያሳስበኝ። ግን ልጁ «ምኑ ነው ሐራም የሆነው?» ብሎ ሲጠይቀው መልስ አልነበረውም። ለልጅ ሐራም የሚለውን ቃል ያለ ምክንያት ከሰጠነው፣ ነገ ስለ ቁማርና ስለ መጠጥ ስንነግረውም ያንኑ ቃል እየጠረጠረ ነው የሚሰማን።

ዑለማዎቻችን ዘንድ የታወቀ ቃዒዳ አለ፤ በአንድ ነገር ላይ ሑክም መስጠት ነገሩን በትክክል የማወቅ ቅርንጫፍ ነው ይላሉ። ስለዚህ ከዐስር በኋላ ሁለት ቀን ከሦስት ልጆች ጋር ተቀምጬ ጨዋታውን እንዲያስተምሩኝ ጠየቅኳቸው። ኡስታዛቸውን ሲያስተምሩ ደስታቸው ሌላ ነበር።

ዩጊዮ ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች 8000 የሕይወት ነጥብ ይዞ ይጀምራል፤ ዋናው የካርድ ጥቅል ከ40 እስከ 60 ነው። ጭራቁ ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፏል፤ አንዱ የማጥቃት፣ ሌላው የመከላከል ጉልበቱ ነው። ካርዱ ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ ለማጥቃት፣ ጋደም ካለ ለመከላከል ነው። የማጥቃት ጉልበቱ 1800 የሆነ ጭራቅ ቀጥ ብሎ የተቀመጠውን ባለ 1500 ቢያጠቃ፣ ደካማው ከሜዳ ይወጣል፤ ባለቤቱም ልዩነቱን 300 ነጥብ ያጣል። እኩል ከሆኑ ሁለቱም ይወጣሉ። ያው ባለ 1800 ግን ጋደም ያለውንና 2000 የመከላከል ጉልበት ያለውን ቢነካ የሚጎዳው የአጥቂው ባለቤት ነው፤ 200 ነጥብ ይቀነስበታል። ጋደም ያለው ከአጥቂው ካነሰ ደግሞ ካርዱ ይወጣል እንጂ ባለቤቱ ነጥብ አያጣም። ጨዋታውን የሚጀምረው ልጅ በመጀመሪያው ተራው ማጥቃት አይፈቀድለትም። ተገልብጦ የተቀመጠ ካርድም ስላለ አጥቂው የሚነካው ምን እንደሆነ ሳያውቅ የሚገባበት ጊዜ አለ። (ከ6200 ላይ 1350 ሲቀነስ ስልኬን ሳወጣ የአራተኛ ክፍሉ ልጅ «4850» ብሎ ጨርሷል።)

ከቁጥሩ ይልቅ የሚከብደው ካርዶቹ ላይ የተጻፈው ነው። አንዱ ልጅ ካርድ ሲያወጣ ሌላው በምላሹ ካርድ መምዘዝ ይችላል፤ ያኛውም በምላሹ ላይ ምላሽ ይጨምራል። ሥራ ላይ የሚውሉት ግን ከኋላ ወደ ፊት ነው፤ መጨረሻ የተመዘዘው መጀመሪያ ይፈጸማል። ልጆቹ የሚጨቃጨቁት እዚህ ላይ ነው፤ «አንብበው! ምን ይላል?» እየተባባሉ።

የእነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ ቀዳሚ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለው ነው፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ምሁር ያወጣው። ደንቡ ላይ ሁለት ነገሮች ተጽፈዋል። የካርዱ ጽሑፍ ከአጠቃላዩ ደንብ ጋር ሲጋጭ ካርዱ ይቀድማል። አንዱ «ይቻላል» ሌላው «አይቻልም» ካለ ደግሞ «አይቻልም» ያለው ያሸንፋል። ኡሱሉል ፊቅህ የቀራ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ኻስ ከዓም ይቀድማል፣ ከልካዩ ከፈቃጁ ይቀድማል የሚለው ደርስ ላይ ስንት ቀን አስቀምጦናል! ጨዋታው ዒልም ነው እያልኩ አይደለም። ግን ልጁ ጽሑፍ አንብቦ፣ ሸርጡን ለይቶ፣ ማስረጃ ይዞ መከራከር እየለመደ ከሆነ፣ ያንን አእምሮ ወደ ኪታቡ ማምጣት የኛ የአስተማሪዎቹ ሥራ ነው።

ፖኬሞን ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ቃል አለ፤ «ሽልማት» የሚለው። እያንዳንዱ ልጅ ከ60 ካርዱ 6ቱን «የሽልማት ካርድ» ብሎ ለብቻ ያስቀምጣል። የተቃራኒውን ፖኬሞን ሲጥል አንድ ሽልማት ያነሳል፤ ስድስቱን ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። ይህን የሰማ ሰው «በቃ፣ ካርድ እየተበላሉ ነው» ይላል። አይደለም። ልጁ የሚያነሳው አስቀድሞ ከራሱ ጥቅል ያስቀመጠውን ነው፤ ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም የየራሱን ሰብስቦ ይሄዳል። የማንም ገንዘብ ወደ ማንም አልተላለፈም። ቃሉን ብቻ ሰምቶ ቁማር ያለ ሰው ጨዋታውን አላየውም።

ታዲያ ሑክሙስ? አላህ በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 90 እና 91 ላይ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ ከልክሎ፣ ሸይጧን በእነርሱ ጠላትነትን ሊጥልብንና ከዚክርና ከሶላት ሊያግደን እንደሚፈልግ ነግሮናል። ነርድን (ዳይስ እየተጣለ የሚጫወቱትን) በተመለከተ ደግሞ ሶሒሕ ሙስሊም ላይ፣ የሚጫወተው እጁን በአሳማ ሥጋና ደም እንደነከረ ተደርጎ የተነገረ ከባድ ሐዲስ አለ። ቼዝ ላይ ግን ዑለማዎች ተለያይተዋል። ኢማሙ ማሊክ ቼዝንም አጥብቀው ጠልተውታል። በሻፊዒያ ዘንድ ቁማር ከሌለበትና ከሶላት ካላዘናጋ ሐራም ሳይሆን መክሩህ ነው የሚለው ነው የታወቀው። አሶሳ ውስጥ ከሱዳን በኩል የመጣውም መዝሀብ ከወሎ የመጣውም ስላለ ሁለቱንም ማወቁ ይጠቅመናል።

ለኛ አገር ሰው የሚጥም አንድ ነገር ልጨምር። በ676 ሒጅራ የሞቱት ኢማም ነወዊ «ረውዳ» በተባለው ኪታባቸው፣ የምስክርነት ምዕራፍ ላይ፣ እንጨት ላይ በተፈለፈሉ ጉድጓዶች ውስጥ ጠጠር እየተደረገ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ተነስቷል። ይህ ሽማግሌዎቻችን ዛፍ ሥር ከሚጫወቱት ገበጣ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ገሚሶቹ ዑለማዎች እንደ ነርድ፣ ገሚሶቹ እንደ ቼዝ አይተውታል። ከዚያ መለኪያው ይቀመጣል፤ በሚጣለው ዳይስ ላይ የተመሠረተ እንደ ነርድ፣ በማሰብ ላይ የተመሠረተ እንደ ቼዝ ነው። ዑለማዎቹ ስሙን ወይም መልኩን አልመዘኑም። እጅ ምን ይሠራል፣ አእምሮ ምን ይሠራል ብለው ነው የጠየቁት።

በዚህ መለኪያ ካርዱ መሐል ላይ ነው የሚወድቀው። ጥቅሉ ስለሚበወዝ የሚመጣልህን አታውቅም፤ ፖኬሞን ላይ ደግሞ «ሳንቲም ወርውር፣ ሰው ካልወጣ ጥቃቱ ከሸፈ» የሚሉ ካርዶች አሉ። በሌላ በኩል የትኛውን ካርድ ጥቅሉ ውስጥ እንደምታስገባ፣ መቼ እንደምታጠቃና መቼ እንደምትከላከል የምትወስነው አንተ ነህ። የሳዑዲ የፈትዋ ኮሚቴ ዑለማዎች ተራውን ካርታ ያለ ገንዘብም ቢሆን ከልክለዋል፤ ያንን የሚከተል ወንድም ይህንንም ቢተው አይነቀፍም። የኔ አቋም ይህ ነው፦ ያለ ገንዘብ፣ የሶላትና የቂርኣት ሰዓት ሳይነካ ከሆነ ማሰቡ ስለሚያመዝን ወደ ቼዝ ይጠጋል፤ ሳንቲም የሚያስወረውሩት ካርዶች ይውጡ። ልጅን አስደብድቦ ካርድ የሚያስቀድድ ነገር ግን አልታየኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በ2001 እ.ኤ.አ. የሳዑዲ ዑለማዎች ፖኬሞንን ሲከለክሉ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ ቁማር ነበር። ካርቱኑ ፍጥረታት ወደ ሌላ ይለወጣሉ ማለቱና ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ መኖሩም ተነስቷል፤ ስለ ኮከቡ ብዙ ተወርቷል። ለኔ ግን ሰው ቶሎ የረሳው የቁማሩ ነገር ነው የሚያስፈራኝ። የማጂክ የመጀመሪያው ደንብ ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች ከጥቅሉ አንድ ካርድ አስይዞ ያሸነፈ ሁለቱንም የሚወስድበት ሥርዓት ነበር። ይህ ቁማር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አሳታሚዎቹ ራሳቸው ከውድድር አውጥተውት፣ እንዲህ የሚሉ ካርዶችን ማተም ከ1995 እ.ኤ.አ. በኋላ አቁመዋል። ልጆች ግን ማንም ሳያስተምራቸው ይደርሱበታል። ብይ ስንጫወት «እንበላላ» ያልነው ማንም አስተምሮን አልነበረም። ስለዚህ ልጃችሁን የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስዕሉ ምንድነው?» ሳይሆን «የተሸነፈ ካርዱን ይሰጣል ወይ?» ይሁን።

ሁለተኛው የታሸገው ፓኬት ነው። ልጁ ብር ከፍሎ ውስጡ ምን እንዳለ የማያውቀውን አሥር ያህል ካርድ ይገዛል። የሚፈልገው አንዱን ብርቅ ካርድ ነው፤ ባይወጣለት ሌላ ይገዛል፣ ባይወጣለት ሌላ። ሻጩም የሚያተርፈው በዚሁ ጉጉት ነው። ይህ ገረር ነው፣ ወደ መይሲርም በጣም የቀረበ ነው። ቤልጂየም በ2018 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር ጨዋታዎች ውስጥ ለሚሸጡ እንዲህ ላሉ ዝግ ሣጥኖች «ቁማር ነው» ብላለች፤ ሸሪዐ የማይመራቸው ሰዎች እንኳ አይተውታል። በየከተማው የስፖርት ቤቲንግ ቤት ደጃፍ የሚሰለፈው ወጣት ልብ ውስጥ ያለችው «ይቺ ግን ትወጣልኛለች» የምትል ስሜት በአሥር ዓመት ልጅ ልብ ውስጥ የምትዘራው እዚህ ነው። የተቀደደው ካርድ ሳይሆን ይህ ነው እንቅልፍ ሊነሳን የሚገባ።

ሲሕር የሚለውን በተመለከተ፣ ዩጊዮ ላይ «የድግምት ካርድ» የሚባል ዓይነት አለ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ሁለት ካርድ ሳብ» ወይም «አንድ ጭራቅ አውጣ» ዓይነት ነው፤ ጂን የሚጠራበት ወይም የሚደገምበት ነገር የለውም። ስሙ አስቀያሚ ነው፣ ሥራው ግን ሲሕር አይደለም። ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። «የግብፅ አማልክት» የሚባሉ ሦስት ካርዶች አሉ፤ አንደኛው የጥንት ግብፃውያን ያመልኩት በነበረው «ራ» ስም ነው። ልጅ በጨዋታ መሐል «አምላኬ አጠቃ» ሲል ሰምቼ ጸጉሬ ቆሟል። እነዚህን አውጡና ምክንያቱን ንገሩት፤ ተውሒድን በዚህ አጋጣሚ ያስተማራችሁት ልጅ አይረሳውም።

ሁለት ጥያቄዎችን መልሼ ላብቃ። አንዲት እናት «ዘመድ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ ምን ብዬ ላስልክ?» ብላኛለች። እህቴ፣ ከነጭራሹ ባታስልኪ ይሻላል፤ ካስላክሽ ግን ውስጡ ያሉት ካርዶች ከመጀመሪያው የታወቁ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሙሉ ጥቅል አለ፣ እሱን በይው። ፓኬቱን አይንካ።

ሌላው የልጆቹ የራሳቸው ጥያቄ ነው፤ «ሁለት ካርድ በአንድ መቀየር ሪባ ነው?» አይደለም፤ ካርድ እንደ ወርቅና ብር ወይም እንደ ስንዴና ቴምር ሪባ ከሚገባባቸው አይደለም። ግን በሻፊዒያ ዘንድ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ሽያጭ አይጸናም፣ ሌሎቹም የወሊዩን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ካርድ ለመቀየር ስትፈልጉ መጀመሪያ አባታችሁን አሳዩት። ያን ጊዜ እሱም ቁጭ ብሎ ያያችኋል።

ወላሁ አዕለም።