የዓይን ቅባቱን ከፊታችሁ ላይ አንሱ

የዓይን ቅባት ለዓይን ነው። «ቲቲሲ» የምንላት ቴትራሳይክሊን አዲስ የተወለደ ሕፃን ዓይን ላይ የምትደረግ፣ ትራኮማ ባልለቀቀው አገራችን የስንቱን ብርሃን ያተረፈች መድኃኒት ናት። ጎረምሶቻችን ግን ማታ ማታ ብጉራቸውን ይለቀልቁባታል። ማን መከራቸው? እናት፣ ጎረቤት፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዋን የለበሰው ባለ ፋርማሲ! ቅባቷ የተሠራችው በቫዝሊን ነው፤ ወዝ ሞልቶ ቀዳዳው የተደፈነ ፊት ላይ ሌላ ቅባት መደረብ የምን ሕክምና ነው?

«እኔማ ትክክለኛውን ነው የገዛሁት» የሚለኝም አለ፤ ክሊንዳማይሲን ጄል ማለቱ ነው። ዋናው ጠቤ ከእሱ ጋር ነው። መድኃኒቱ ጥሩ ነው፤ ጥፋቱ ብቻውን መቀባቱ ላይ ነው። ብጉር የሚጀምረው ወዝና የሞተ ቆዳ ቀዳዳውን ሲደፍኑት ነው፤ ባክቴሪያው እዚያ ተመችቶት ይራባል፣ ቆዳውም ይቆጣል። አንቲባዮቲኩ ባክቴሪያውን ይመታል፣ ቁጣውንም ያበርዳል፤ ድፍኑን ግን አይከፍተውም። ብቻውን ለወራት ሲቀባ ደግሞ ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ያልቁና መድኃኒቱን የለመዱት ፊቱን ይወርሱታል። አብሮ ለሚኖረው ቤተሰብም ይተላለፋሉ።

የእህቴ ልጅ ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ቀባችው። «እስኪጠፋልሽ ተቀቢ» ብሎ የሸጠላት ሰው ማዘዣ አልጠየቃትም፣ ሌላ ምን እንደምትጠቀምም አልጠየቃትም። መጀመሪያ ጠፋላት፣ ከዚያ ተመለሰ፣ ከዚያ ባሰ። ተመልሳ ስትሄድስ? «ጠንከር ያለ» ተብሎ ስቴሮይድ ያለበት ክሬም! በሳምንቱ ፊቷ ጠርቶ ሁሉም «ምን ተቀብተሽ ነው?» አላት። ስታቆመው ግንባሯና አገጯ በቀይ ብጉር ተወረረ። ስቴሮይድ ራሱ ብጉር ያወጣል፣ ቆዳም ያሳሳል። ይህን የማያውቅ መድኃኒት ሻጭ ቤቱን ዘግቶ ሽንኩርት ይሽጥ። (የሽንኩርት ነጋዴ እንኳ የበሰበሰውን ለይቶ ይጥላል።) እያወቀ ከሸጠማ ይባስ!

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ ጀርሞችን ለማይገድላቸው መጠን ማጋለጥ መድኃኒቱን ማስለመድ እንደሆነ አስጠንቅቆ ነበር። እኛ ዛሬም ጄሉን እንደ ሎሽን እንለቀለቀዋለን።

አጠቃቀሙ ያን ያህል ምሥጢር የለውም። 1 በመቶ ክሊንዳማይሲን ከቤንዞይል ፐሮክሳይድ ጋር ነው የሚሄደው፤ ባክቴሪያ ይህን ሁለተኛውን ሊለምደው አልቻለም። 2.5 ወይም 5 በመቶው ይበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ የሚብሰው ማቃጠሉ ነው። ፊት በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ሲደርቅ፣ ብጉር ብጉሩን እየለዩ ሳይሆን ብጉር የሚወጣበትን ቦታ ሁሉ ስስ አድርጎ መቀባት። ትራስ ልብስና ባለ ጥለት ነጠላ ራቅ ይበል፤ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ቀለም ያነጣል፣ ያኔ ከእናት ጋር ሌላ ጠብ ነው። ክሊንዳማይሲኑ ላይ ኤሪትሮማይሲን መደረብ የለም፤ ሁለቱ ይሻማሉ እንጂ አይተጋገዙም። ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከመጣ ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም። ለውጡ ሳምንታት ይፈልጋል፤ በሦስተኛው ቀን ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ሦስት ወር ሲሞላ ግን አንቲባዮቲኩ ይቁም፤ የሚቀጥለው ቤንዞይል ፐሮክሳይዱ ወይም ሐኪም ያዘዘው አዳፓሊን ነው። ነፍሰ ጡር አዳፓሊኑን አትንካው።

ውስጥ ለውስጥ የሚያብጥና ጠባሳ የሚተው ብጉር ግን የጄል ጉዳይ አይደለም፤ የቆዳ ሐኪም ይየው። ወላጆችም «ስታገቢ ይጠፋል» የሚሉትን ነገር ይተዉ። ልጅቷ የተጨነቀችው ነገ ጠዋት ክፍል ይዛው ስለምትገባው ፊት ነው። እናንተ ስትስቁባት ነው ገንዘቧን ቋጥራ ያንን «ጠንከር ያለ» ክሬም ፍለጋ የምትወጣው።