በየትኛው ስም እንፈርም?

እኛ የሽኩና ዳሌት ተማሪዎች ጎንደር ላሉ ዘመዶቻችን ኢሜይል ስንልክ ያስቸገረን ከመልእክቱ ይልቅ ከግርጌው ያለው ስማችን ነው። በአማርኛ የፈረምነው አንዱ ጋ ባዶ ሣጥን፣ ሌላው ጋ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይደርሳል። ሁለቱ አንድ በሽታ አይደሉም። ሣጥን ከሆነ የተቀባዩ ኮምፒዩተር የግዕዝ ፎንት የለውም፤ ንያላ ወይም አቢሲኒካ ቢጫንለት ይነበባል። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ደብዳቤው ሲላክ ለዕብራይስጥ ወደተሠራ አሮጌ ኮድ ተቀይሮ ፊደሉ ጠፍቷል። መድኃኒቱ ላኪው ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ማድረግ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ሰበብ የለንም።

ሌላው ጣጣ አቅጣጫ ነው። የደብዳቤ ቅጻችን እንደ ዕብራይስጥ ከቀኝ ስለሚጀምር በአማርኛው መስመር መጨረሻ ያለው ቅንፍ ዘሎ ከስማችን ፊት ሊቀመጥ ይችላል። (አራት ነጥብ ግን ንቅንቅ አይልም፤ እንደ ፊደል ነው የሚቆጠረው። ኮራንበት!) ስለዚህ የአማርኛው መስመር ለብቻው ከግራ ወደ ቀኝ ይስተካከል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «በዕብራይስጥ ብቻ ፈርሙና ተገላገሉ» ይላሉ። እኛ አንስማማም። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በመጡት ዘመቻዎች ቤተሰቦቻችን ሲገቡ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ፤ ለብዙዎቹም የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው። ጎንደር ያሉት ዘመዶቻችን ግን የሚያውቁን በአባታችን ስም ነው። የአንዳችን አክስት በዕብራይስጥ ስም የተላከ ደብዳቤ ደርሷቸው «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ብለው ሳይከፍቱት ትተውታል።