ኔትወርክ ለመማር ኢንተርኔት አይጠበቅም

«ኔትወርክ ከሌለ ምን እናስተምር?» የሚለው ምላሽ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በኮምፒውተር መምህራን አፍ ላይ ተለምዷል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ሰበቡ ጭራሽ ማስረጃ ያገኘ መሰለ። ከገበዝ ማርያም ስንቁን ይዞ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ የስታር ቶፖሎጂን በጠመኔ ተስሎለት፣ እሱም በደብተሩ ገልብጦ፣ ለሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ) ምዘና ይቀርባል። አንዲት አይፒ አድራሻ እንኳ በእጁ ሳይሰጥ!

ኢንተርኔት የኔትወርኮች መያያዣ ነው። ኔትወርክን ለመማር ግን ሁለት ማሽን ይበቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ የግድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ የለበትም። 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ በውስጡ ምናባዊ ኮምፒውተሮችን የሚፈጥር ቨርቹዋልቦክስ የተባለ ፕሮግራም ይጫንበት፤ እያንዳንዳቸው 512 ሜጋባይት የተመደበላቸው፣ ግራፊክስ የሌላቸው ሦስት የሊኑክስ ማሽኖችን ይሸከማል። የኔትወርክ ካርዳቸውን «ኢንተርናል ኔትወርክ» ላይ አድርጎ አንድ ዓይነት ስም መስጠት ነው። እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ፤ ከተሸከማቸው ኮምፒውተርም ሆነ ከውጭው ጋር ግን አይገናኙም። አድራሻ የሚያድል ስለሌለ ተማሪው 10.10.0.1፣ 10.10.0.2 እያለ ራሱ ይሰጣል። ቀጥሎ አንዱን አድራሻ የሚያድል የዲኤችሲፒ ሰርቨር ያደርገዋል። ሲሳሳት ፒንጉ መልስ ያጣል፤ ትምህርቱም እዚያ ላይ ይጀምራል።

ሞክረነዋል ከሚሉት ውስጥ ደግሞ ካርዱን ከውጭው ኔትወርክ ጋር በቀጥታ በሚያገናኘው «ብሪጅድ» ላይ የሚያደርጉ አሉ። ያኔ የተማሪው ዲኤችሲፒ በኮሌጁ ኬብል ይወጣና ለሬጅስትራሩና ለፋይናንሱ ኮምፒውተር የማይሠራ አድራሻ ያድላል። ቢሮው ሥራ ይፈታል፤ ጥፋቱ የአንዲት ምርጫ ሆኖ ሳለ የኮምፒውተር ላቡ ይቆለፋል።

መነጠል ሁሉን ይከላከላል ማለቴ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. የታወቀው አጥፊ ሶፍትዌር ስተክስኔት ከኢንተርኔት ተለይቶ ወደነበረው የኢራን ናታንዝ የኒውክሌር ተቋም የገባው በፍላሽ እንደሆነ ይታመናል። ስለዚህ ሼርድ ፎልደር ይዘጋ፤ ያልተፈተሸ ፍላሽ አይሰካ።

መብራት ይጠፋል፣ እውነት ነው። ማሽኑ ሥራ ላይ ሳለ ቢጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ አስቀድሞ ስናፕሾት የያዘ ግን ወዲያው ይመልሰዋል። ባዮስ ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን ተዘግቶ ከተገኘ መክፈት የደቂቃ ሥራ ነው። የመጫኛው ፋይልስ? ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው በፍላሽ ያመጣዋል፤ ፊልሙ በዚያው መንገድ ሲመጣ ማንም አልተቸገረም።

የኮሌጅ ዲኖችና የዲፓርትመንት ኃላፊዎች፣ ለመጪው ሴሚስተር የቴሌን መስመር አትጠብቁ። ላቡን ክፈቱ፤ የተግባር ሰዓቱንም ለተማሪው መልሱለት።