አዲስ ዕቃ ከተገጠመለት በኋላ አልነሣ ስላለ መኪና

ሰው በቤቱ አንድ ነገር ሲበላሽበት አስቀድሞ የሚፈልገው ምክንያቱን ሳይሆን ጥፋተኛውን ነው። ይህ ጠባይ ዕቃውንም ጉርብትናንም የሚጎዳ መሆኑን ባለፈው ታኅሣሥ በደብረ ታቦር ያየሁት ነገር አስረድቶኛልና፥ ለቤተ ሰብ ይጠቅማል ብዬ ጻፍሁት።

የእኅቴ ልጅ ሌባን ፈርቶ በትንሽ ቶዮታው ላይ ሞተር የሚያቋርጥ አላርምና አዲስ ቴፕ አስገጠመ። በአራተኛው ቀን፥ የጉና ውርጭ በወረደበት ሌሊት፥ በ10 ሰዓት ሚስቱን ምጥ ያዛት። ቁልፉን ቢያዞር መብራቱ ቦግ አለ፤ ሞተሪኖው ግን ድምፅ አላሰማም። ጎረቤት ተጠርቶ ቢገፋም፥ ማርሹ አውቶማቲክ ነበርና ድካሙ ከንቱ ሆነ። የአንድ ደግ ሰው ባጃጅ ደርሶላት በሰላም ተገላገለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሲነጋ ልጁ፥ «ጋሼ፥ ሽቦዬን የቆረጠው የግቢው ዘበኛ ነው፤ የክስ ማመልከቻ ይጻፉልኝ» ብሎ መጣ። እኔም፥ «ልጄ፥ ማመልከቻ መጻፍስ ሥራዬ ነው፤ ነገር ግን ትናንት ደኅና የነበረ ዛሬ ሲታመም፥ በመካከሉ ምን አዲስ ነገር ገባ ተብሎ ይጠየቃል» አልሁት።

የመኪና ኤሌክትሪክ ዐዋቂ ተጠርቶ ቢመረምር፥ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ሽቦ አላርሙን ለማስገባት ተቆርጦ፥ በጣት ብቻ ተጠምዝዞ በናስትሮ ተሸፍኖ ኖሯል። ያ መጋጠሚያ ላልቶ ተላቅቋል። ጥፋቱ የዘበኛውም የአላርሙም አልነበረም። ልጁም አፍሮ ዘበኛውን ይቅርታ ጠየቀ።

በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ የቀረበው አውቶሞቢል ሞተሩ የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር። የዛሬው መኪና ግን በብዙ ሽቦና በኮምፒዩተር ይታዘዛልና፥ በአንዱ ሽቦ ላይ የተሠራ ስሕተት ሁሉን ያቆማል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ምልክቱን ይለይ።

አንደኛ፤ ቁልፉ ሲዞር መብራቱ የሚደክም፥ ሞተሪኖውም ቀጭ ቀጭ ብቻ የሚል እንደ ሆነ፥ ባትሪው ደክሟል ወይም መያዣው ላልቷል። ደኅና ባትሪ መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ ብዙውን ኃይሉን አጥቷል። ቁልፍ ሲወጣ የማይጠፋ ሆኖ የተገጠመ ቴፕ ሌሊቱን ሙሉ ኤሌክትሪክ ይመጥጣል። የሚወስደው ግማሽ አምፔር ብቻ ቢሆን፥ በ4 ቀን 48 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ ይህም የትንሽ መኪናን ባትሪ ለመጨረስ ይበቃል። ብርድም የባትሪን ኃይል ስለሚቀንስ፥ 2 ሺህ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በደብረ ታቦር ጉድለቱ ፈጥኖ ይገለጣል።

ሁለተኛ፤ መብራቱ ደምቆ ሳለ ሞተሪኖው ዝም ካለ፥ ፊውዙን፥ የአላርሙን ማቋረጫና የተቀጠለውን ሽቦ ማስመርመር ይገባል።

ሦስተኛ፤ ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ካልተነሣ፥ አላርሙ የነዳጁን ፓምፕ አቋርጦት ይሆናል። የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነም፥ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ አዲሱን ዕቃ አስፈትቶ፥ ሽቦውን እንደ ቀድሞው አስመልሶ መሞከር ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አይለወጥ፤ ምክንያቱ የትኛው እንደ ነበር አይታወቅምና። ባትሪ ሲፈታ ነጋቲቩ አስቀድሞ ይፈታ፥ ሲታሰርም በመጨረሻ ይታሰር። የተቃጠለ ፊውዝን በሽቦ የሚተካ ሰው ግን መኪናውን ለእሳት አሳልፎ እንደ ሰጠ ይወቅ።

ደብረ ታቦር ለብረት ሥራ እንግዳ አይደለችም። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል የተሠራው በአጠገቧ በጋፋት ነው። እኛም ልጆቿ ከማሽን ጋር ስንኖር ትዕግሥትን እንማር። በመጨረሻ የገባው አስቀድሞ ይመርመር፤ ሳይመረመር ግን በዕቃም በሰውም አይፈረድ።